ማረሻውን ማን ሠራው?

(ለጎልማሳ ተማሪዎች በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

ይህን ንግግር ታትሞ በእጃችሁ የያዛችሁ አዲስ አንባቢያን፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። አንድ ቃል ከከበዳችሁ ጣታችሁን ከሥሩ አድርጋችሁ ድገሙት። የሚያጣድፋችሁ ሰው የለም።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ሥራ ነው። ሰው ምን ሠርቶ ይኖራል? ስለ ሥራውስ በልቡ ምን ይሰማዋል? ይኮራበታል? ያፍርበታል? ወይስ ይደብቀዋል? እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን ወደ ታሪክ እንመለሳለን። ሩቅ አገር አንሄድም። ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። ዛሬ 150 ዓመት አልፎታል እንጂ፣ በዚያ ቦታ ታላቅ ሥራ ተሠርቶ ነበር። የዚያን ሥራ ታሪክ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን በእኔ ክፍል የሆነውን ላጫውታችሁ።

1. ሦስት ዓረፍተ ነገር

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። የማስተምረው ገሳይ ነው። ቀን ሕፃናትን አስተምራለሁ፤ ማታ ደግሞ ጎልማሶችን። አገራችን ደጋ ነው። የጉና ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ብርዱ ከዚያ ይወርድብናል። የማታ ተማሪዎቼ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ነው የሚመጡት። ቢሆንም አይቀሩም።

አንድ ማታ ፊደል ቆጥረን ጨርሰን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ጀመርን። «እስቲ እያንዳንዳችሁ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ» አልኳቸው። «አንደኛ ስማችሁን። ሁለተኛ ሥራችሁን። ሦስተኛ ሥራችሁን ትወዱት እንደሆነ።»

አንዱ ገበሬ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ገበሬ ነኝ። ሥራዬን እወዳለሁ። ዝናብ ሲቀር ግን አልወደውም።» ሁላችንም ሳቅን። እውነቱን ነው።

አንዲት እናት ደግሞ «ሥራ የለኝም» ብላ ጻፈች። «እሜቴ፣ ዛሬ ምን ሲሠሩ ዋሉ?» አልኳት። «ምን እሠራለሁ? ከቤት ነው የዋልኩት» አለችኝ። ቀጥላ ስትቆጥር ግን ውኃ ቀድታለች፤ ገብስ ቆልታ ፈጭታለች፤ እንጀራ ጋግራለች፤ በረት ጠርጋለች፤ ማታ ላይ ጥጥ ፈትላ ነው ወደ ትምህርት የመጣችው። ይህ ሁሉ ተሠርቶ ሥራ አልተባለም።

ከኋላ አንድ ሰው ተቀምጠው ነበር። «ገበሬ ነኝ» ብለው ጻፉና ጽሕፈቱን በመዳፋቸው ሸፈኑት። እጃቸውን አየሁት። የእሳት ፍንጣሪ ያቃጠለው ትንንሽ ጠባሳ ሞልቶበታል። አካባቢው ሁሉ ያውቃቸዋል። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ምሳርና ዶማ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው።

ትምህርቱ ሲያበቃ ሌላው ሁሉ ሄዶ እሳቸው ቀሩ።

«መምህርት» አሉኝ፤ «የጻፍኩት ውሸት አይደለም። ቁራሽ መሬት አለችኝ፤ አርሳለሁ።»

«አውቃለሁ ጋሼ» አልኳቸው።

«ታዲያ ያንን ሌላውን ምን ብዬ እጽፈዋለሁ? ስድብ አይደለም እንዴ?»

ያን ማታ መልስ አልሰጠኋቸውም። ለምን? እኔም እንደሳቸው ስላደረግኩ ነው።

አባቴ ብረት ሠሪ ነበር። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ስገባ አንዳንድ ልጆች አጠገቤ መቀመጥ አይፈልጉም ነበር። ኋላ የመምህራን ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት ስገባ የምንሞላው ቅጽ ነበር። ቅጹ ላይ «የአባት ሥራ» የሚል አለ። «ገበሬ» ብዬ ሞላሁት። አባቴ ያርስ ስለነበር ውሸት አልነበረም። እውነቱም ግን ግማሽ ነበር። ደብተሬ የተገዛው በማጭድ ዋጋ ነው። ጫማዬ የተገዛው በጀበና ዋጋ ነው። እኔ ግን ያሳደገኝን ሥራ በአንድ ቃል ደበቅኩት።

ሰው ያጎረሰውን ሥራ ለምን ይደብቃል? ይህን ለማወቅ ወደ ታሪክ እንሂድ።

2. ስድቡ ከየት መጣ?

በድሮ ጊዜ በአገራችን የሚከበሩት ሥራዎች ጥቂት ነበሩ። ገበሬው ባለ ርስት ነው። ወታደሩ ባለ ጦር ነው። ካህኑ ባለ መጽሐፍ ነው። በእጁ ብልሃት የሚኖረው ሰው ግን ይናቅ ነበር። ብረት የሚሠራው ጠይብ ይባላል። ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ ይባላል። ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋም የስድብ ስም አላቸው። ይህም አልበቃ ብሎ ብረት ሠሪው ቡዳ ነው ይባላል። «ሌሊት ጅብ ይሆናል» ይባላል። ሰው ከእነሱ ጋር አይጋባም፤ ብዙ ጊዜም አብሮ አይበላም።

ይህ ንቀት እንዴት መጣ? አንደኛው ምክንያት የመሬት ነገር ነው። ርስት ማለት ከአያት ከቅድመ አያት የሚወረስ የመሬት መብት ነው። ርስት ያለው ሰው ያርሳል። ርስት የሌለው ሰውስ ምን ይብላ? በእጁ ሙያ ይኖራል እንጂ! በጎንደር አገር ቤተ እስራኤላውያን ርስት የላቸውም ነበር። ስለዚህ ብረት ቀጠቀጡ፤ ሸክላ ሠሩ፤ ሸማ ሠሩ፤ ቤት ገነቡ። በጎንደር ዘመን ለነገሥታቱ በግንበኝነትና በአናጢነት ያገለገሉ ነበሩ። በብዙ የደጋ አገር ሙስሊሞችም ርስት ስላልነበራቸው በንግድና በሽመና ይኖሩ ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። መጀመሪያ ሰውዬው መሬት ተከለከለ። መሬት ስለሌለው በእጁ ሙያ ገባ። ከዚያ በኋላ «ሙያው የተናቀ ነው» ተባለ። ቀጥሎም «ሰውዬው ራሱ የተናቀ ነው» ተባለ። ስድቡ ደረጃ በደረጃ የተሠራ ነው። ከሰማይ የወረደ አይደለም።

አሁን ደግሞ ሞፈርና ቀንበሩን እናስብ። ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ መሬቱን የሚሰነጥቀው ምንድን ነው? ማረሻው ነው። ማረሻውን ማን ሠራው? ብረት ሠሪው። ቀንበሩ የታሰረበትን ጠፍር ማን አለፋው? ፋቂው። ገበሬው የለበሰውን ጋቢ ማን ሠራው? ሸማኔው። ምሳው የበሰለበትን ድስት ማን ሠራው? ሸክላ ሠሪዋ። ብረት ሠሪው አንድ ዓመት እጁን ቢያጥፍ ባለ ርስቱም አያርስም።

3. «ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ»

ዐፄ ቴዎድሮስ የካቲት 1847 ዓ.ም. ነገሡ። ከእሳቸው በፊት አገሩ በመሳፍንት ጦርነት ደክሞ ነበር። ብዙ ሰው እርሻና ንግዱን ትቶ በዝርፊያ ይኖር ነበር። ንጉሡም አዋጅ አስነገሩ። ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ፣ ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ የሚል ነበር።

በዚህ አዋጅ ላይ አንድ ታሪክ ይነገራል። ጥስባ ከሚባለው የበጌምድር አገር ሽፍቶች መሣሪያቸውን ይዘው ወደ ንጉሡ መጡ ይባላል። «ጃንሆይ፣ ሁሉም የአባቱን ሥራ ይሥራ ብለዋል። የእኛ የአባታችን ሥራ ዘረፋ ነው። ይፍቀዱልን» አሉ። ንጉሡ «በሬና ማረሻ ልስጣችሁና እረሱ» አሏቸው። እነሱ ግን እምቢ አሉ። ንጉሡም ለጊዜው አሰናበቷቸው። ኋላ ጦር ላኩና አጠፏቸው ይባላል።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? በዚያ ዘመን ሽፍታው በንጉሥ ፊት ቆሞ ስለ ሥራው በድፍረት ይናገር ነበር። ማረሻ ሠሪው ግን አንገቱን ደፍቶ ይሄድ ነበር። ክብርና ነውር ቦታ ተለዋውጠው ነበር ማለት ነው።

4. የጋፋት ባለ እጆች

ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ዋና መቀመጫቸው አደረጉ። የእጅ ሙያ ለአገር ኃይል መሆኑን በደንብ ያውቁ ነበር። በ1848 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጥቂት የአውሮፓ ባለሙያዎች ወደ አገራችን መጥተው ነበር። ከስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከሚባለው ከተማ አጠገብ ካለ የሚሲዮን ትምህርት ቤት የተላኩ ናቸው። ሃይማኖት ሊያስተምሩ፣ በእጃቸውም ሠርተው ሊኖሩ ነበር የመጡት። ከእነሱ መካከል ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደርና ማየር ይገኙ ነበር። ቡርጎ የሚባል ፈረንሳዊና ሞሪትዝ ሆል የሚባል የፖላንድ ሰውም አብረው ነበሩ። ንጉሡ ጋፋት ላይ አሰፈሯቸው። በዚያም የብረትና የነሐስ ሥራ ተቋቋመ።

ንጉሡ መድፍ እንዲሠሩላቸው ጠየቁ። ሰዎቹ መድፍ መሥራት አያውቁም ነበር። ንጉሡ ግን «ሞክሩ» አሉ። ተሞከረ፤ አልሆነም። እንደገና ተሞከረ። በመጨረሻ ተሳካ።

መድፍ እንዴት ይሠራል? ቀላል አይደለም። መጀመሪያ መዳብና ቆርቆሮ ይሰበሰባል። ሁለቱ ቀልጠው ሲቀላቀሉ ነሐስ ይሆናሉ። ለማቅለጥ ብርቱ እሳት ያስፈልጋል። ለእሳቱ ከሰል ያስፈልጋል። ከሰሉን የሚያከስል ሰው ያስፈልጋል። እሳቱን የሚያነድ ወናፍ፣ ወናፉንም ቀንና ሌሊት የሚነፋ ክንድ ያስፈልጋል። እሳት የሚችል የሸክላ ምድጃ ያስፈልጋል። የቀለጠው ነሐስ የሚፈስበት የጭቃ ቅርጽ ያስፈልጋል። ቅርጹ ትንሽ እርጥበት ካለው ሊፈነዳ ይችላል። እንግዲህ ከሰል፣ ወናፍ፣ ሸክላ፣ ብረት የማን እውቀት ነው? የእነዚያ የተናቁት ሰዎች እውቀት ነው። ጋፋት ላይ ከውጭ ሰዎቹ ጋር ብዙ ኢትዮጵያውያን ይሠሩ ነበር። ሙያውን እንዲማሩ የተመደቡ ወጣቶችም ነበሩ።

ከመድፎቹ ሁሉ ትልቁ ሴባስቶፖል ተባለ። ስሙ የአንዲት ከተማ ስም ነው። በጥቁር ባሕር ዳርቻ ያለችው ይህች ከተማ በዚያ ዘመን በተደረገው የክሪሚያ ጦርነት ስሟ በዓለም ተሰምቶ ነበር። የመድፉ ክብደት 7 ቶን ገደማ ነው። 7 ቶን ስንት ነው? 70 ኩንታል ነው። እስቲ እናስላው። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ብትጭን፣ ያን ክብደት ለመጫን 140 አህያ ያስፈልጋል። ያውም እኮ እህል ቢሆን ነው። እህል ይከፋፈላል፤ መድፍ አይከፋፈልም።

ንጉሡ በዚህ ብቻ አልረኩም። በ1858 ዓ.ም. ባለሙያዎችና መሣሪያዎች እንዲላኩላቸው ወደ እንግሊዝ አገር ሰው ላኩ። እንግሊዞች ባለሙያዎችን እስከ ምጽዋ አምጥተው ነበር። ነገር ግን ንጉሡ ያሰሯቸው አውሮፓውያን ስላልተፈቱ ባለሙያዎቹ ወደ ንጉሡ ሳይደርሱ ተመለሱ።

5. የመድፉ መንገድ

በ1860 ዓ.ም. በመስከረም ወር መጨረሻ ንጉሡ ከደብረ ታቦር ተነሱ። ሠራዊቱ፣ እስረኞቹና መድፎቹ ሁሉ አብረው ተነሱ። ጉዞው ወደ መቅደላ ነበር። በጋይንት በኩል፣ በጨጨሆ፣ በዋድላና በደላንታ አድርጎ የበሽሎን ወንዝ መሻገር ነው። ያን አገር የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ገደል ነው። ሜዳውን ጨረስኩ ሲሉ ሌላ ገደል ይመጣል።

መድፉ በሠረገላ ላይ ተጭኖ በመቶ በሚቆጠሩ ሰዎች ይጎተት ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው ነው። ሠረገላ የሚያስኬድ መንገድ ስላልነበረ እየሄዱ መንገድ ይሠሩ ነበር። ድንጋይ ይፈነቀላል፤ ዛፍ ይቆረጣል፤ ገደል ይደለደላል። ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ እያነሱ ይሠሩ እንደነበር የተመለከቱት ሰዎች ጽፈዋል። ንጉሥ ድንጋይ ሲያነሳ ማን እጁን አጣጥፎ ይቆማል? በዚያች ቀን የእጅ ሥራ ነውር አልነበረም።

ሴቶቹንም አንርሳ። በድሮ ጊዜ ጦር ሲዘምት ሴቶች አብረው ይዘምቱ ነበር። እህል ይፈጩ ነበር፤ ይጋግሩ ነበር፤ ዕቃ ይሸከሙ ነበር። የሚጎትተው ሰው ካልበላ መድፉ አይሄድም። ያች ተማሪዬ «ሥራ የለኝም» ብላ የጻፈችው ይህን የመሰለ ሥራ ነው።

ጉዞው ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። መድፉ መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሰ። የእንግሊዝ ጦርም እስረኞቹን ለማስፈታት መጥቶ ደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ። ሴባስቶፖል ከእሳቸው በኋላ በዚያው አምባ ቀረ። አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው የእሱ አምሳያ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ሁሉ መናገር አለብን። ታሪክ ሙገሳ ብቻ አይደለም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የንጉሡ ሠራዊት የሚበላው ከበጌምድር ገበሬ እየተነጠቀ ነበር። ጎንደር በ1859 ዓ.ም. ተዘረፈች፤ ተቃጠለች። ደብረ ታቦርም ንጉሡ ሲለቋት ተቃጠለች። ገበሬው ሸፈተ፤ ማረሻው ዛገ። ንጉሡ የእጅ ሙያን ወደዱ፤ ከሙያው ሁሉ አብልጠው የፈለጉት ግን መድፉን ነበር። ሙያ የሚጸናው ሰላም ሲኖር ነው። ማረሻ የሚፈለገው ገበሬ በሰላም ሲያርስ ነው። ንጉሡ ሲሞቱ የጋፋት ሥራም ተበተነ።

6. የማን ስም ተጻፈ?

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ቅድም የእነ ቫልድማየርን ስም ነገርኳችሁ። ስማቸውን እንዴት አወቅን? ተጽፎ ስለቀረ ነው። ቫልድማየር ራሱ የሕይወት ታሪኩን ጽፏል። ከሰሉን ያከሰሉት፣ ወናፉን የነፉት፣ ጭቃውን ያቦኩት ኢትዮጵያውያን ግን ስማቸው ማን ነበር? የብዙዎቹ አልተጻፈም። መጻፍ የሚችሉት ሰዎች ስለ እነሱ መጻፍ አልፈለጉም። እነሱ ደግሞ መጻፍ አይችሉም ነበር። ስለዚህ ሥራቸው መቅደላ ላይ ተቀምጦ ስማቸው ጠፋ።

እኔ ይህን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ያ ቅጽ ትዝ ይለኛል። የአባቴን ሥራ መጻፍ እየቻልኩ አልጻፍኩትም። የጋፋት ሰዎች ስማቸው የጠፋው ባለመጻፋቸው ነው። የእኔ አባት ሥራ ሊጠፋ የነበረው ግን መጻፍ በምትችል ልጁ እጅ ነው።

በሌላ አገር እንዴት ነው? በእንግሊዝ አገር በጣም የበዛው የቤተሰብ ስም «ስሚዝ» ነው። ትርጉሙ ብረት ሠሪ ማለት ነው። ጀርመኖችም «ሽሚት» ይላሉ፤ ያው ነው። ሐኪሙም፣ መምህሩም፣ ሚኒስትሩም «ስሚዝ» ተብሎ ሲጠራ አያፍርም። የቀድሞ አባቱ ብረት ቀጥቅጦ መብላቱን ስሙ ይናገራል።

7. ስድቡን የከለከሉ ሕጎች

በአገራችንም ነገሩ እንዳለ አልቀረም። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ አዋጅ አስነገሩ። ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሥራው ስም መስደብን ከለከሉ። የሚሳደብ ሰው እንደሚታሰርም ተነገረ። አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። ንጉሡ በዚያ አዋጅ ላይ የጠቀሱት ብረት ሠሪውን ብቻ አልነበረም። የሚጽፈውን ሰው «ጠንቋይ» ማለትንም አብረው ነቅፈዋል። አያችሁ? በዚያ ጊዜ መጻፍም ያስነቅፍ ነበር! ዛሬ እናንተ እርሳስ ስትይዙ «ጠንቋይ» የሚላችሁ የለም። አንድ ነቀፋ ከጠፋ ሌላውም ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ርስት ቀረና አርሶ መኖር ለሚፈልግ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ተደነገገ። የአባቴ ቤተሰብ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁራሽ መሬት ያገኘው ያን ጊዜ ነው። አባቴ ብረቱን ሳይተው በሬ ጠመደ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ትምህርቱ ኋላ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። አባቴ ፊደል የቆጠረው በዚያ ዘመቻ በኩራዝ ብርሃን ነው። ከባለ ርስቱ ልጅ ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ የተቀመጠው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ሁለቱ የሚገናኙት ማረሻ ሲሳል ብቻ ነበር።

ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ደግሞ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄዱ። ከአንዳንድ መንደር ብረት ሠሪውም ሸክላ ሠሪዋም አብረው ሄዱ። ያን ጊዜ ገበሬው ማረሻ ፍለጋ ሩቅ ገበያ መጓዝ ነበረበት። የባለ እጅ ጥቅም የሚታወቀው ሲታጣ ነው።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። እንስራን ጀሪካን ተክቶታል። ሸክላ ድስትን የብረት ድስት እየተካው ነው። ብረት ሠሪው የመኪና ባሌስትራ ገዝቶ ማረሻ ይሠራል፤ የብረቱ ዋጋ ግን ይወደዳል። ልጆቹ ሙያውን መማር አይፈልጉም። ስድቡ ያልገደለውን ሙያ ርካሽ ዕቃ ሊገድለው ነው። እናቴ ግን አሁንም ጀበና ትሠራለች። «ቡና በላስቲክ አይፈላም» ትላለች።

8. ወደ ክፍላችን እንመለስ

በሚቀጥለው ሳምንት የጋፋትን ታሪክ ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፦

«አባቴ ብረት ሠሪ ነበር።
እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት።
እኔ መምህርት ነኝ።»

ክፍሉ ዝም አለ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከፊት የተቀመጠችው ያች «ሥራ የለኝም» ያለችው እናት ጣቷን ከሥሩ እያደረገች ቀስ ብላ አነበበችው። ስትጨርስ ቀና አለችና «ከገበያ የገዛሁት ጀበና የእናትሽ ነው ለካ! አንገቱ ደህና ነው» አለች። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ የራሷን ወረቀት አወጣችና «ሥራ የለኝም» የሚለውን ሰርዛ «ፈትል እፈትላለሁ፤ ቤት አስተዳድራለሁ» ብላ ጻፈች።

እኒያ ከኋላ የተቀመጡት ሰውስ? እሳቸውም ጻፉ። «አንብቡልን» ብላቸው «አላነብም» አሉ። አልጫንኳቸውም። ሁሉም ሲወጣ ወረቀቱን ሰጡኝ። «ብረት እሠራለሁ። አርሳለሁም። የሠራሁት ማረሻ አይታጠፍም» ይላል። ቃሉ ትንሽ ይጣመማል፤ ስሕተት ግን የለበትም።

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙና «መጻፉንስ ጻፍኩት» አሉ። «ለልጄ ሚስት ስጠይቅስ ይሰጡኛል?»

ለዚህ ጥያቄ እኔ መልስ የለኝም። ዐፄ ምኒልክ በአዋጅ ስድብን ከልክለዋል፤ ልብን ግን በአዋጅ ማዘዝ አይቻልም። መልሱ ያለው ይህን በምትሰሙት፣ ይህን በምታነቡት ሰዎች እጅ ነው። ልጅ የሚድሩት እናንተ ናችሁ። ስም የሚያወጡት እናንተ ናችሁ። ገበያ ላይ ማረሻ ስትገዙ የሠሪውን ስም የምትጠይቁ ወይም የማትጠይቁ እናንተ ናችሁ።

የተወደዳችሁ አድማጮች፣ ለዛሬ ንግግራችን እዚህ ላይ ያበቃል። በሰላም እደሩ። ነገ ጠዋት በሬ ስትጠምዱ አንድ ጊዜ ዝቅ ብላችሁ ማረሻውን እዩት።

ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩባቸው።

1. ርስት ማለት ምን ማለት ነው? ርስት ያልነበራቸው ሰዎች በምን ይኖሩ ነበር?
2. ሴባስቶፖል ስንት ኩንታል ይመዝናል? አንድ አህያ አንድ ኩንታል ብትጭን ስንት አህያ ያስፈልጋል?
3. በቤታችሁ ካለው ዕቃ አምስቱን ቁጠሩ። እያንዳንዱን ማን እንደሠራው ጻፉ። የሠሪውን ስም የማታውቁት ስንቱን ነው?
4. ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። አንደኛ ስማችሁን። ሁለተኛ ሥራችሁን። ሦስተኛ ሥራችሁን ማን እንዳስተማራችሁ። የምትሠሩትን ሁሉ ጻፉ፤ ግማሹን አትደብቁ።